የደጋ ሥላሴ ሰርቨር ለምን ዘገየ

ደጋ ሥላሴ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሩሃማ ትዕዛዙ፣ ዋርሶ።

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ከነነፍሳችን አለን። በዚህ ዘመን ከዚህ የበለጠ ደህንነት አለኝ የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ እንዳታምኚው።

ማነው ደግሞ ይሄ ሰውዬ ሳትዪ አትቀሪም። አስማማው ነኝ። የአባትሽ አያትና የእኔ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በአባትሽ ተዝካር ላይ ጭንቅላትሽን ዳስሼ «ይቺ ልጅ ሐሳብ ታበዛለች» ያልሁት ረጅሙ ሰውዬ እኔ ነኝ። አትደንግጪ፣ ገንዘብ ላኪልኝ ልልሽ አይደለም። የምፈልገው ያንኑ ጭንቅላትሽን ነው። እናትሽ ሥራነሽ «ሩሃማ እዚያ የኮምፒውተር ሐኪም ሆናለች» ብላ ነግራኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወረዳችን የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ነሐሴ ተኩስ ሲነሣ መዝገብ ቤቱ ተቃጠለ። የወረቀቱ መዝገብ በሙሉ አመድ ሆነ። የተረፈው ሌላ ክፍል የነበረው ሰርቨር ውስጥ የገባው ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ፣ ወሰኑና ካርታው። ሰርቨሩን የሚያውቀው ደምለው የሚባል ልጅ ነበር። መስከረም መጨረሻ ከሉማሜ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ማን እንደገደለው አልታወቀም፣ የሚያውቅም አይናገርም። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።

ማሽኑ ታዲያ ታመመ። ድሮ የአንድ ገበሬ ስም በጥቂት ሰከንድ ይወጣ ነበር። አሁን ሐምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ካርታውማ ጨርሶ አይከፈትም፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል፣ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ የለም። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ወሰን ተጣልተው ወረቀት ሊያወጡ መጡ። ሰልፍ ላይ አምስት ሰዓት ቆሙ። በስድስተኛው ሰዓት አንደኛው የሌላውን አንገት በምሳር መታው። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ማሽኑን እየጠበቅሁ ነበር። የሟቹ ስም ስክሪኑ ላይ የወጣው አስከሬኑ ከግቢው ከተነሣ በኋላ ነው። ልጄ፣ ቆሽቴ አርሯል። ያን ማሽን በዚያው ምሳር ብፈልጠው ደስ ባለኝ።

ምን እንደሆነ ንገሪኝ። እዚህ ስልክም ኢንተርኔትም ከተቋረጠ ቆይቷል። ደብዳቤውን ሉማሜ ድረስ የሚሄድ ሰው ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ በአውቶቡስ አዲስ አበባ አብሮ አደግሽ ማርያማዊት ዘንድ ይደርሳል። እሷ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች፣ ያንቺንም አትማ በዚያው መንገድ ትመልሳለች።

እናትሽና ወንድምሽ ይታያል ሰላም ብለውሻል።

አጎትሽ ነኝ ለማለት ጥቂት የሚጎድለው፣
አስማማው


ዋርሶ፣ ኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አስማማው፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ረጅሙን ሰውዬ አስታውሰዋለሁ፤ እጁ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር።

ስለ ደምለው ያነበብኩት ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ ነው። አላውቀውም፣ ግን እኔ የምሠራውን ሥራ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። እኔን እዚህ ማሽን ቢበላሽብኝ ቢበዛ አለቃዬ ይቆጣኛል። ያን ቀን ምንም ሳልሠራ ዋልኩ።

ወደ በሽተኛው እንሂድ። እርስዎ ሰርቨር የሚሉት ብረት አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሌሎች ማሽኖች ይኖራሉ። በብረቱ ላይ ብቻቸውን ያሉ ይመስላቸዋል እንጂ በእውን የሉም፤ ቨርቹዋል ማሽን የምንላቸው እነሱን ነው። የመሬት መዝገቡ ያለው ከነሱ በአንደኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከብረቱ ሊሆን ይችላል፣ ከውስጠኛው ማሽን ሊሆን ይችላል፣ ከሁለቱ መካከልም ሊሆን ይችላል። አንገምትም፣ እንለካለን። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ማሽኑ ሲዘገይ እያሰበ ነው ወይስ እየጠበቀ?

ማሽኑ የሚሰማቸውን የሊኑክስ ትእዛዞች በተለየ ወረቀት ዘርዝሬያለሁ። አንድ በአንድ ይጻፏቸውና ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን እንዳለ ይገልብጡልኝ። ነጥብም ብትሆን እንዳትቀር። ደግሞም ይንገሩኝ፤ ድንገት በአንድ ቀን ነው የዘገየው ወይስ ቀስ በቀስ እየባሰ ሄደ?

ሌላው፣ ስለ እናቴና ስለ ወንድሜ የጻፉልኝ አንድ መስመር ነው። ይታያል ሰላም በሉልኝ የሚል ሰው አይደለም፤ ስወጣ እንኳን ሰላም አላለኝም። ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። አይደብቁኝ።

አክባሪዎ፣
ሩሃማ


ደጋ ሥላሴ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣

ለመጪው ልደት በሰላም ያድርስሽ፣ የጌታ እናት ጥላዋን ትዘርጋብሽ። እኔ ይህን የምጽፈው በግራ በኩል ብቻ እያኘክሁ ነው፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

የላክሽውን ትእዛዝ እንደ ዳዊት ደገምሁት። ልጅ ሆኜ ደብረ ወርቅ ስማር የኔታ ዘንድ አንዲት ነጥብ የሳተ ተማሪ ጆሮውን ተይዞ ግቢውን ይዞር ነበር። ስለዚህ ግልባጩን አትጠራጠሪ፣ ዐሥራ አንድ ገጽ ነው። የገባኝን በራሴ ቃልም ልንገርሽ። ማሽኑ ከመቶ ሦስት እጁን ብቻ ነው የሚያስበው። ሰማንያ ዘጠኝ እጁን ዲስኩን ይጠብቃል። ዲስኩ አንዲት ጥያቄ ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ ይፈጃል፤ አንዲት ካርታ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ ናት። እየባሰ ነው የሄደው። ጥቅምት ላይ ሃያ ደቂቃ፣ ኅዳር ላይ ሐምሳ፣ አሁን አንድ ሰዓት ተኩል።

የጥርሴ ነገር። ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ አራት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ከሰልፉ ጋር ገቡ። ጽሕፈት ቤቱን ከውስጥ ቆለፉት። አንደኛው በሰደፍ አፌን ሲመታኝ ወንበሩም እኔም ወደ ኋላ ሄድን። ወድቄ ጎድኔን ረገጡኝ፣ አንደኛው ጣቴ ላይ በተረከዙ ቆመ። «ማሽኑን የያዝኸው ለዘመድህ ብለህ ነው» አሉኝ። የአፌ ደም እየዘጋኝ «እየጠበቀ ነው እንጂ አልያዝሁትም፣ ይኸው ሰማንያ ዘጠኝ እጁን ይጠብቃል» ብዬ ላንቺ የገለበጥሁትን ወረቀት አሳየኋቸው። ወረቀቱን ቀደዱት። እንደገና የገለበጥሁት በማግሥቱ ነው። ከወጡ በኋላ ሁለት ጥርሴን ከወለሉ ላይ ለቀምሁ።

ይታያል ደህና ነው። የእናትሽ የጤፍ ክምር ግን ተቃጥሏል።

የማይሞት፣
አስማማው


ዋርሶ፣ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ አስማማው፣

እግዚአብሔር ይማርዎ። ጎድንዎን ሐኪም አይቶታል? ደብረ ማርቆስ መውጣት ባይቻል እንኳን ጤና ጣቢያው ይየው።

ተቆጥቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ማሽኑ ዐሥራ አንድ ገጽ ገልብጠው፣ ስለ እናቴ ክምር አንዲት መስመር ይጽፉልኛል። ለየትኛው ዘመድዎ ብለው ነው ያዝህ ያሉዎት? እኛ ከመሬት ጽሕፈት ቤት ጋር ምን አገናኘን? ክምር በራሱ አይቃጠልም። አዲስ አበባ አንድ የሉማሜ ሰው ለማርያማዊት «የትዕዛዙ ልጅ ሰው ሰብሯል» ብሏታል። እዚህ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁሉንም ይጻፉልኝ፣ የሚከፋኝንም ጭምር።

ስለ ማሽኑ አሁን አንድ ነገር አወቅን። ጥፋቱ ከዲስኩ በኩል ነው። በየወሩ የሚብስ ከሆነ ወይ ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ወይ የሆነ ነገር በላዩ እየተከመረ ነው። ሁለቱን የምንለየው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከብረቱ ላይ በቀጥታ አንድ ትልቅ ፋይል ያስነብቡትና ፍጥነቱን ይጻፉ። ቀጥሎ ያንኑ ከውስጠኛው ማሽን ሆነው ይድገሙት። ብረቱም ቀርፋፋ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው፣ እኔም የማደርግልዎ የለም። ብረቱ ፈጣን ሆኖ ውስጡ ቀርፋፋ ከሆነ ግን ተስፋ አለ። በመጨረሻም የውስጠኛው ማሽን ዲስክ የተቀመጠበትን ፎልደር ከፍተው እዚያ ያሉትን ፋይሎች ስምና ቀን ሁሉ ይገልብጡልኝ።

ሩሃማ


ደጋ ሥላሴ፣ የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣

የሰማይ አምላክ ከሰው እጅ ይጠብቅሽ። መቆጣትሽ ደስ አለኝ፤ አባትሽም ሲቆጣ እንዲሁ በቀጥታ ነበር። ሳልሸሽግ ልንገርሽ።

ዘመድህ የተባልሁት በወንድምሽ ነው። ወንዝ ዳር ያለውን ማሳ ታውቂዋለሽ፤ እሸት ሽንብራ ስትነቅሉ የምትውሉበት። ጎረቤታችሁ መንግስቱ «የአባቴ ነው፣ ትዕዛዙ ገፍቶ ነው ያረሰው» ብሎ ጥቅምት ላይ የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ወንዝ ውስጥ ጣለው። ይታያል በዱላ የመንግስቱን ክንድ ሁለት ቦታ ሰበረው። ኅዳር መጨረሻ የእናትሽ ክምር ነደደ። ያን ዕለት ይታያል ክላሹን አንሥቶ ሲወጣ እናትሽ ደጃፉ ላይ ተጋደመችና «ረግጠኸኝ ሂድ» አለችው። ግማሽ ቀን እንደተጋደመች ቆየች። እሱም ቆሞ ቆየ፣ ከዚያ ተመለሰ።

ሽማግሌ ገባ፣ እኔም ነበርሁበት። በታኅሣሥ ሥላሴ ዕለት ሁለቱን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁመን አማልናቸው። ሁለቱም የያዙት የመሬት ደብተር ስፋቱን እንጂ ወሰኑን አይናገርም፤ ወሰኑን የሚናገረው ማሽኑ ውስጥ ያለው ካርታ ነው። መሐላው እንዲህ ነው። ካርታው እስኪወጣ ማንም ማሳውን አይረግጥ፣ ማንም መሣሪያ አያንሣ። ካርታው ሲወጣ ለወጣለት ይሁን። ያንቺ መልስ ከመጣ በሳምንት የሚወጣ መስሎን ነበር።

መንግስቱ አሁን ካርታው የቀረው እኔ ለዘመዴ ስለደበቅሁት ነው ብሎ ያምናል። የደበደቡኝም የእሱ ወገኖች ናቸው። ይታያልም ገበያ በዋለ ቁጥር ግቢያችን ይመጣና ግንቡ ሥር ይቀመጣል፣ አያናግረኝም። ሰኔ ዝናቡ ሲጥል ሁለቱም እርሻ ያምራቸዋል፣ ያን ጊዜ መሐላም አይዛቸውም። ስለዚህ ከሰኔ በፊት ካርታውን ማውጣት አለብኝ። ሁለት ነፍስ ነው የያዝሁት፤ ሁለቱም ጠርጥረውኛል።

ወደ ልኬቱ። ብረቱ በሰከንድ መቶ ሰባ ሜጋባይት ያነባል። ከውስጥ ሆኜ ስደግመው ሁለት እንኳን አይሞላም። የፋይሎቹ ዝርዝር አራት ገጽ ፈጀ። አንድ ትልቅ ፋይል አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ መቶ ዐሥራ ስምንት ትናንሽ ፋይሎች በየቀናቸው ተሰልፈዋል።

እነዚህን ግን አውቃቸዋለሁ። ደምለው ከመሞቱ በፊት «ጋሼ፣ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ስናፕሾት ይያዙ፣ ቢሳሳቱ ወደዚያ ይመለሳሉ» ብሎ ቁልፉን አሳይቶኝ፣ አንድ ባዶ የውጭ ዲስክም ትቶልኝ ነበር። እኔም በየማለዳው አማትቤ እጫነዋለሁ። ቅዳሜም ቢሆን አላጓደልሁም። አንድም አልደመሰስሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስኖር አንዲት ወረቀት ጥዬ አላውቅም። ደምለውም ስለ መደምሰስ የነገረኝ የለም፤ ሊነግረኝ አስቦ ይሆናል፣ ዕድሜ አላገኘም።

አስማማው


ዋርሶ፣ መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አስማማው፣

ነገ ለሚገባው ጾም እንኳን አደረስዎ። በሽታው ተገኘ። እርስዎ ነዎት።

አይከፉብኝ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ። ስናፕሾት በያዙ ቁጥር ማሽኑ የቆየውን መዝገብ ያሽግና በላዩ ስስ ወረቀት ያነጥፋል። ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ሁሉ በስሱ ወረቀት ላይ ነው። በማግሥቱ በዚያ ላይ ሌላ ስስ ወረቀት። አንድ ማሳ ሲጠይቁት ከላይ ይጀምራል፤ እዚያ ካላገኘው ሁለተኛውን ይገልጣል፣ ሦስተኛውን ይገልጣል፣ እንዲህ እያለ መቶ ዐሥራ ስምንት ገልጦ ነው መሠረቱ ላይ የሚደርሰው። ይህንም ለእያንዳንዷ መስመር ይደግመዋል። ብረቱ ደህና ነው፣ ዲስኩ ደህና ነው። ጥንቃቄዎ ነው የከመረበት። ደምለው ኖሮ ቢሆን በሳምንቱ ያዋህዳቸው ነበር።

መድኃኒቱ ንብብሩን ወደ አንድ መመለስ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስናፕሾት አይያዙ። የውስጠኛውን ማሽን በሥርዓቱ ያጥፉት። ፋይሎቹን ሁሉ ደምለው በተወው የውጭ ዲስክ ላይ ይቅዱ፤ ሳይቀዱ ምንም አይጀምሩ። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ያለውን ትእዛዝ ይስጡት፣ ራሱ ከላይ ወደ ታች ያዋህዳል። ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚህ መካከል ኃይል ከተቋረጠ ማሽኑ ሊሞት ይችላል፣ ስለዚህ መብራቱን ሳያምኑ ነዳጅ እንደምንም ፈልገው ጄኔሬተሩን ሞልተው ያስነሡ። በእጅዎ አንድም ፋይል እንዳይደመስሱ፤ ከመካከል አንዱ ከጎደለ ከበላዩ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው።

ለይታያል ይንገሩልኝ። እህትህ ካርታው ሊወጣ ነው ብላለች ይበሉት። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ያረስነው ማሳ ነው፣ ካርታው የእኛን ነው የሚያሳየው። መንግስቱ በሰው ፊት ያፍራል፣ እናቴም ደጃፍ ላይ አትጋደምም። ፈጥነው ያድርጉት፣ እባክዎ።

ሩሃማ


ዋርሶ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ አስማማው፣

ሰላምታ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ማሽኑን አይንኩት።

እናቴ ዓይኗን ልትታከም ደብረ ማርቆስ እንደሄደች ያውቃሉ። መንገዱ ከኋላዋ ተዘግቶ እዚያው ቀርታለች። ትናንት መስመር ተገኝቶ ደወለችልኝ። ካርታው ሊወጣ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነገርኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተጣራሁ። ከዚያ «ማሳው የእኛ አይደለም» አለችኝ። መንግስቱ ሰው አገር ሊሠራ በሄደበት ዓመት አባቴ ገፍቶ አረሰው። መንግስቱ ሲመለስ ፈርቶ ዝም አለ። መሬቱ ተለክቶ ካርታ ሲሠራ ግን አባቴ ታምሞ አልጋ ላይ ነበር፣ ወሰኑን ያሳየው መንግስቱ ነው፣ የተመዘገበውም በእሱ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ስታውቅ ለይታያል አልነገረችውም። «አባቱን ሌባ ነው ልበለው?» አለችኝ።

ወንድሜን አውቀዋለሁ። ያ ወረቀት የወጣ ቀን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ማሽኑ አሁንም እየጠበቀ ነው ይበሏቸው። ካዋሃዱትም አልሠራም ይበሉ። ካርታው እስካልወጣ መሐላው አለ፣ መሐላው እስካለ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ያን ሁሉ ወር ያቆያቸው ያ ዝግተኛ ማሽን ነው፤ እኔ ሞኟ አላየሁትም። ይታያልን ሥራ አገኘሁልህ ብዬ ማርያማዊት ዘንድ እስካስወጣው ድረስ ብቻ ጊዜ ይስጡኝ።

ምን እየጠየቅኩዎ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥርስዎን ያወለቁት ይህንኑ አድርገሃል ብለው ነው። ቢሆንም እለምንዎታለሁ።

ሩሃማ


ደጋ ሥላሴ፣ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማርያማዊት በስልክ እንደነገረችሽ አውቃለሁ፤ ግን እንዴት እንደሆነ ከእኔ መስማት አለብሽ። ጽሕፈቴ ከተጣመመ ቀኝ መዳፌ ተቃጥሎ ነው።

ሚያዝያ 16 ቀን ያልሽውን ሁሉ አደረግሁ። ጄኔሬተሩ ሰባት ሰዓት ሳያቋርጥ ሠራ። ሲያበቃ ማሽኑን አስነሣሁና ያን ማሳ ጠየቅሁት። አራት ሰከንድ። ልጄ፣ ስድስት ወር የተደበደብሁበት ነገር በአራት ሰከንድ ወጣ። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ሳቅሁ። ካርታውን ያየሁት ከሳቅሁ በኋላ ነው።

የመንግስቱ ነበር። መስመሩ ከዋርካው እስከ ወንዙ የተሰመረ ነው፣ የሚያከራክር ነገር የለውም። ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ አየሁት። ለዘመድህ ብለህ ያዝኸው የተባልሁት ሰውዬ አሁን ብይዘው እውነትም ለዘመዴ ብዬ ያዝሁት ማለት ነው። አተምሁት፣ ማኅተም አደረግሁበት። በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹንና ሁለቱን ጠራሁ። ማሉልን ብለን ስላማልናቸው ማንንም አልፈተሽንም። የእኔ ጥፋት ይህ ነው፤ መሐላን እንደ ማኅተም ቆጠርሁት።

የጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ አነበብሁ። መንግስቱ አልፎከረም። የተጣመመውን ክንዱን በሌላው ይዞ አንገቱን ደፋ። ይታያል ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየና «እርስዎ ነዎት የጻፉት?» አለኝ።

«ማሽኑ ነው ያወጣው።»

«አባቴን ሌባ ነበር እያሉኝ ነው?»

«ካርታው የሚለውን ነው ያነበብሁልህ፣ ልጄ።»

ከጋቢው ሥር ክላሹን አወጣ። መንግስቱ አጠገቤ ነበር። አፈሙዙን ያዝሁ፣ ግን መጀመሪያው ጥይት ከወጣ በኋላ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ አፈሙዙ እጄ ውስጥ ሆኖ ነው የወጡት፣ ብረቱ መዳፌን ላጠው። መንግስቱ ደረጃው ላይ በደረቱ ተደፋ። ይታያል ቆሞ ያየው ነበር፣ ሊሮጥም አልሞከረም። የመንግስቱ ልጅ ጥሩሰው ከኋላ መጥቶ በሽጉጥ ተኩሶ ማጅራቱን መታው። ወንድምሽ እኔ ላይ ነው የወደቀው። ክብደቱን ይዤ ወደ ኋላ ተቀመጥሁ። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፣ ደም ብቻ መጣ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀበርናቸው፣ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ከሰዓት፤ ቀባሪው እንዳይገናኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሚያዝያ 29 ቀን ነው፣ የፋሲካ ሦስተኛ ቀን። ሉማሜ ላይ መንገድ ተዘግቶ የሰውየው ከረጢት ውስጥ ሰንብቷል። በጊዜው ቢደርሰኝ ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። እምቢ የምል ይመስለኝ ነበር። ሬሳውን ታቅፌ ከተቀመጥሁ ወዲህ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ተናድጄብሻለሁም። «ፈጥነው ያድርጉት» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። በእናትሽ የባሰ ተናድጃለሁ። ከራሴ የበለጠ የተናደድሁበት ሰው ግን የለም።

እናትሽ መንገዱ ተከፍቶላት የመጣችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ዓይኗ አሁንም አያይም። ትናንት ቤቷ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዘግይቶ የደረሰውን ደብዳቤሽን እንዳነብላት ጠየቀችኝ፣ አነበብሁላት።

«አስማማው፣ ማሽኑን እንደነበረ መተው ይቻል ነበር?» አለችኝ።

«ይቻል ነበር» አልኋት።

«እኔም ለልጄ መናገር ይቻለኝ ነበር» አለች።

ሲመሽ ተነሥቼ ደጃፉን ዘጋሁላትና ወጣሁ።

አስማማው